ሞዴሉ 98.6 በመቶ ትክክል ነኝ ይላል፤ ምኑን ልመርምር? (ዳታ ማይኒንግ ማስተማርና ማማከር፣ ጅማ)

ጅሬን_ዳገት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ ለአራተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ዳታ ማይኒንግ (ከብዙ መረጃ ውስጥ ጠቃሚ ሥርዓት ፈልጎ ማውጣት) አስተምራለሁ፤ ጎን ለጎን አንድ የማስተርስ ተማሪ አማክራለሁ። የሁለቱም ችግር አንድ ዓይነት ሆኖብኛልና አብሬ ልጠይቅ።

የቴሲሱ ዳታ ከአንድ ጤና ጣቢያ የተመላላሽ ታካሚዎች መዝገብ በእጅ ተለቅሞ ኤክሴል ላይ የገባ ነው። 9,840 ረድፍና 14 ዓምድ አለው፦ የካርድ ቁጥር፣ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ቀበሌ፣ የመጣበት ቀን፣ የሰውነት ሙቀት፣ ትኩሳቱ የቆየበት ቀን፣ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የምርመራ ዓይነት፣ የተሰጠ መድኃኒት፣ የቀጠሮ ቀን፣ የወባ ውጤት። 612ቱ ፖዘቲቭ፣ 9,228ቱ ነጌቲቭ ናቸው። ተማሪው ትንሹን ክላስ (ፖዘቲቮቹን) ስሞት በሚባለው ሰው ሠራሽ ረድፍ የመፍጠሪያ ዘዴ አብዝቶ ከትልቁ ጋር አስተካከለና ዌካ በሚባለው የዳታ ማይኒንግ ፕሮግራም ላይ ጄ48ን (የውሳኔ ዛፍ የሚሠራ አልጎሪዝም) በ10 ፎልድ ክሮስ ቫሊዴሽን (ዳታውን ለ10 ከፍሎ በየተራ በዘጠኙ ማሠልጠን፣ በአንዱ መፈተን) አስኬደ፤ 98.6 በመቶ ወጣ። የዛፉ ሥር ላይ የተቀመጠው «የተሰጠ መድኃኒት» ነው። የጥናቱ ርዕስ የወባ ሕመምተኛን አስቀድሞ መለየት ይላል። ቁጥሩ አላማረኝም፤ ከየት ጀምሬ እንደምፈትሽ በቅደም ተከተል ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው የክፍሉ ጉዳይ ነው። 58 ተማሪ፣ 25 ማሽን፣ በሳምንት አንድ ቀን ላብ፣ 16 ሳምንት። መብራት ይቆራረጣል፤ ኢንተርኔቱም አይታመንም። ተማሪዎቹ አልጎሪዝሙን በወረቀት አሳምረው ይሠሩታል፤ እውነተኛ ዳታ ሲሰጣቸው ግን የቴሲሱ ተማሪ የሠራውን ይደግማሉ። ሳምንቶቹን እንዴት ላከፋፍል? ከአካባቢያችንስ ምን ዓይነት ዳታ ልስጣቸው?

ዘጠነኛው_ፎልድ፦

መልሱ ጥያቄዎ ውስጥ አለ፤ የዛፉ ሥር «የተሰጠ መድኃኒት» ነው ብለዋል። ኮአርተምም ሆነ ክሎሮኪን የሚታዘዘው የደም ምርመራው ውጤት ከታወቀ በኋላ ነው። ሞዴሉ ወባን አልለየም፤ ማዘዣውን አንብቦ ውጤቱን መልሶ ነገራችሁ።

ፍተሻውን ሲጀምሩ ኮምፒውተሩን ይዝጉና ወረቀት ያንሡ። አንድ ታካሚ ከበር ጀምሮ የሚያልፍባቸውን ጠረጴዛዎች ይሳሉ፦ ካርድ ክፍል፣ ሙቀትና ክብደት የሚለካበት፣ ሐኪሙ፣ ላብራቶሪው፣ መድኃኒት ቤቱ። 14ቱን ዓምዶች እያንዳንዳቸውን በተሞሉበት ጠረጴዛ ሥር ይጻፏቸው። ትንበያው የሚፈለገው ታካሚው ከሐኪሙ ወጥቶ ላብራቶሪ ሳይገባ ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ የተሞላ ሁሉ ይወጣል። መድኃኒቱ ይወጣል። ቀጠሮውም ይወጣል፤ የሚሰጠው ውጤቱ ታይቶ ነውና። ይህ ሥዕል ቴሲሱ ውስጥ አንድ ገጽ ይገባዋል፤ ፈታኙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

«የምርመራ ዓይነት» የሚለውን ግን ዝም ብለው አያውጡት፤ መጀመሪያ ባዶ የሆኑትን ረድፎች ይቁጠሩ። በጣም የምጠረጥረው እዚህ ነው። ከተመላላሽ ታካሚ ብዙው ለወባ አይመረመርም፤ የተሰበረ እጅ ይዞ የመጣም እዚያው መዝገብ ላይ አለ። ውጤቱ ባዶ የሆነውን ሁሉ ተማሪው «ነጌቲቭ» ብሎ ሞልቶት ከሆነ፣ ያልተመረመረ ሰው ወባ የሌለበት ተብሎ ተቆጥሯል ማለት ነው። ይህ ከመድኃኒቱ ይከፋል፤ መድኃኒቱ የተሳሳተ ዓምድ ነው፣ ይኸኛው ግን የተሳሳተ መልስ ነው። የተሳሳተ መልስ ደግሞ በምንም አልጎሪዝም አይታረምም።

ዓምዶቹ ከተለዩ በኋላ ወደ ዌካ ይመለሱ። በመጀመሪያ ዜሮ አርን ያስኪዱ። ሁሉንም ነጌቲቭ እያለ 9,228 ለ9,840፣ ማለትም 93.8 በመቶ ይሰጥዎታል። በአክዩረሲ (በጠቅላላ ትክክለኛነት) ብቻ ሲለካ ከዚያ በታች የሆነ ነገር ሁሉ ምንም ካለመሥራት ያነሰ ነው። ቀጥሎ ዋን አርን ያስኪዱ፤ እሱ አንድ ዓምድ ብቻ መርጦ ሕግ ያወጣል። ዋን አር ከጄ48 ጋር ተቀራርቦ ከመጣ፣ የመረጠው ዓምድ መልሱን እያፈሰሰ መሆኑን ይጠርጥሩ። ያን ዓምድ አውጥተው ይድገሙ፤ ሦስት አራት ዙር ይበቃል።

የካርድ ቁጥርም ከሞዴሉ ይውጣ፤ ቁጥሩ በጊዜ ስለሚጨምር የተደበቀ ቀን ነው። ግን አይሰረዝ። አንድ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ ስለሚያገረሽ መመላለሱ የታወቀ ነው። የአንድ ሰው ረድፎች ግማሾቹ ማሠልጠኛው፣ ግማሾቹ መፈተኛው ውስጥ ከገቡ ሞዴሉ ሰውየውን ያስታውሰዋል። ዌካ ላይ ይህን በፎልድ መቆጣጠር አይመችም፤ በፓይተን ቋንቋ የሳይኪት-ለርን ስትራቲፋይድ ግሩፕ ኬ-ፎልድ (የአንድን ሰው ረድፎች አንድ ፎልድ ውስጥ የሚያቆይ መክፈያ) ይሠራዋል። ዌካን መልቀቅ ካልፈለጉ ፋይሉን ራስዎ በሁለት ይክፈሉና መፈተኛውን ለብቻው ይስጡት።

ስለ ስሞት። አዲስ ረድፍ የሚፈጥረው አንድ ፖዘቲቭ ረድፍና ከቅርብ ጎረቤቶቹ አንዱን ወስዶ (ዌካ ላይ መነሻው 5 ጎረቤት ነው) በመካከላቸው ያለ ነጥብ በመምረጥ ነው። 612ን ወደ 9,180 ለማድረስ 1400 በመቶ መሰጠት አለበት፤ ለአንድ እውነተኛ ረድፍ 14 ሰው ሠራሽ ወንድሞች ማለት ነው። ፎልዱ ከዚያ በኋላ ሲከፈል ወንድማማቾቹ ማሠልጠኛውም መፈተኛውም ውስጥ ይበተናሉ። ፈተናው ከመሰጠቱ በፊት ወረቀቱ ወጥቷል። በዚያ ላይ መፈተኛው ግማሹ ፖዘቲቭ ሆኗል፤ እውነተኛው ጤና ጣቢያ ግን እንደዚያ አይደለም፤ ስለዚህ የሚወጣው ፕሪሲዥን (ፖዘቲቭ ተብለው ከተጠቆሙት እውነተኛ የሆኑት ድርሻ) የትም አይሠራም።

ማረሚያው ቀላል ነው። የመጀመሪያውን 9,840 ረድፍ ይጫኑ። «ሜታ» ከሚለው ዝርዝር ፊልተርድ ክላሲፋየርን ይምረጡ፤ ክላሲፋየሩን ጄ48፣ ፊልተሩን ስሞት ያድርጉት። እንዲህ ሲሆን ስሞት በየፎልዱ ማሠልጠኛ ላይ ብቻ ይሠራል። ሲጨርስ ከውጤቱ ግርጌ ጠቅላላ የረድፍ ብዛት ይታያል። 9,840 ካለ ልክ ነው። 18,408 ካለ ስሞት ከፎልዱ በፊት ገብቷል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ቁጥሩ ይወድቃል፤ ተማሪው አይደንግጥ። ለምሳሌ ያህል ኮንፊውዥን ማትሪክሱ (ትክክሉና ስህተቱ የሚቆጠርበት ሰንጠረዥ) 110 እውነተኛ ፖዘቲቭ፣ 502 ያመለጠ፣ 80 በሐሰት የተጠቆመ፣ 9,148 እውነተኛ ነጌቲቭ ሆነ እንበል። አክዩረሲው 94.1 በመቶ ነው፤ ያምራል። ሪኮሉ (ከእውነተኛዎቹ ሕመምተኞች የተገኙት ድርሻ) ግን 110 ለ612፣ 18 በመቶ ነው። ከመቶ የወባ ሕመምተኛ 82ቱን አሳልፏል። አክዩረሲ የሚባለው ቁጥር በዚህ ቴሲስ ማጠቃለያ ላይ ባይጻፍ እመርጣለሁ፤ ሪኮልና ፕሪሲዥን ከነማትሪክሱ ይውጡ።

ሄርማታ_መርካቶ፦

ከላይ ያለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ግን ዳታው ራሱ ካልጸዳ ፎልዱ ቢስተካከልም ትርፍ የለውም። በእጅ ከመዝገብ ተለቅሞ ኤክሴል ላይ የገባ የአገራችን ዳታ የት የት እንደሚበላሽ የታወቀ ነው።

ትልቁ ቀኑ ነው። ኤክሴል የእኛን አቆጣጠር አያውቅም። የኮምፒውተሩ አጻጻፍ ቀን/ወር ከሆነ 28/02/2014 ሲጻፍ እናንተ ጥቅምት 28 ማለታችሁ ነው፤ እሱ ፌብሩዋሪ 28 አድርጎ ይይዘዋል። 30/02/2014 ሲመጣ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። አንዱ ዓምድ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ሆነ ማለት ነው። ዌካ ላይ ሲደርስ ወይ ባዶ ይሆናል ወይ እያንዳንዱ ቀን የራሱ ምድብ ይሆናል። አጻጻፉ እንደ አሜሪካ ወር/ቀን ከሆነ ደግሞ ጳጉሜን 5 ቀን ሜይ 13 ሆኖ ቁጭ ይላል፤ ማንም አያስተውለውም።

መፍትሔው ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች እንደ ተራ ቁጥር ማስገባት ነው። በሁለት ቀኖች መካከል ያለውን ርቀት ለማግኘት እያንዳንዱን ወደ ተከታታይ ቁጥር ይቀይሩ፦ 365 ሲባዛ በዓመቱ፣ ሲደመር ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ ቀሪው የተጣለበት፣ ሲደመር 30 ሲባዛ በወሩ፣ ሲደመር ቀኑ። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 በዚህ 736,374 ይሆናል፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ደግሞ 736,375። ልዩነቱ 1 ቀን፤ ልክ ነው። ተማሪዎቹ ይህን በጳጉሜን 5ም በ6ም ዓመት እንዲሞክሩት ያድርጉ። ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መቀየር የሚያስፈልገው የዝናብ ወይም የሳተላይት ዳታ የሚገናኝ ከሆነ ብቻ ነው።

ዕድሜ ላይ «18» የሚል ሲያገኙ 18 ዓመት ነው ወይስ 18 ወር? ከሕፃናት መዝገብ የመጣ ረድፍ አብሮ ከገባ ሁለቱም ይገኛሉ። አሃዱን ለብቻው ዓምድ ይስጡት። አዋቂዎች ላይ ደግሞ 20፣ 25፣ 30፣ 35 ላይ ክምር ያያሉ፤ ሰው ዕድሜውን ሲናገር ወደ 5 እና 10 ያጠጋጋልና። ስለዚህ ዛፉ «ዕድሜ ከ29 በላይ» ብሎ ቢቆርጥ ትርጉም ፍለጋ አይድከሙ፤ በሰፊ የዕድሜ ክፍል ያስገቡት።

ሙቀት ላይ 37 ብቻ የሚል ረጅም ሰልፍ ካለ ሳይለካ የተሞላ መሆኑን ይጠርጥሩ። 375 የሚል ነጥቡ የጠፋ 37.5 ነው። 0 እና 99 ባዶ ማለት ነው፤ ባዶ ተብለው ካልተመዘገቡ አማካዩን ይጎትቱታል።

ቀበሌና ስም። አንዱ ቀበሌ በፊደል፣ በቁቤ (ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል) እና በእንግሊዝኛ ልማድ ሦስት ዓይነት ተጽፎ ይገኛል። ጫልቱ በቁቤ በ«ሲ» ይጀምራል፤ በእንግሊዝኛ ልማድ ግን በ«ሲ» እና «ኤች»። በቁቤ የሚረዝመው አናባቢ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ በሌላው አንድ ጊዜ። በእኛ ፊደል ደግሞ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ አሉ፤ ፀሐይ፣ ጸሀይ፣ ፀሀይ ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰዎች ናቸው። ከማነጻጸር በፊት ሁሉንም ወደ አንድ ፊደል የሚመልስ ሰንጠረዥ ይሥሩ፤ ሰባቱንም ቤት አይርሱ። ለቀበሌ ግን ከዚህ የሚሻል አለ፦ የቀበሌዎቹን ዝርዝር ቁጥር ሰጥቶ ከዝርዝሩ ብቻ እንዲመረጥ ማድረግ።

ሌላው ተማሪ አንድ ሙሉ ቀን የሚያባክንበት ችግር ነው። ቁቤ ውስጥ ሁዳ የምንለው ነጠላ ጭረት አለ። ዌካ ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ የተለዩበት የጽሑፍ ፋይል) ሲያነብ ነጠላ ጭረትን እንደ ጥቅስ ምልክት ስለሚቆጥር፣ ያ ስም ያለበት ረድፍ ላይ ሲደርስ የዓምዱ ብዛት አልገጠመም ብሎ ይቆማል። ጭረቱን በሌላ ምልክት ይተኩት። በፊደል የተጻፈው ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ከመጣ ደግሞ ፋይሉ የእኛን ፊደል በሚይዘው ኢንኮዲንግ (የፊደል አቀማመጥ ስልት)፣ በዩቲኤፍ-8፣ አልተቀመጠም፣ ወይም የዌካ ማስነሻ ቅንብር ፋይል ውስጥ ኢንኮዲንጉ ሌላ ነው። ሁለቱንም ያስተካክሉ።

ቦሳ_ቂጦ፦

ስለ ክፍሉ ልመልስ።

58ቱን በጥንድ ያድርጓቸው፤ 29 ጥንድ ይሆናሉ። የላቡን ቀን በሁለት ፈረቃ ይክፈሉት፤ በአንድ ፈረቃ 15 ማሽን ብቻ ያስፈልጋል። 10ሩ መጠባበቂያ ነው፤ በየሳምንቱ የማይነሣ ማሽን አይጠፋምና። ከሁለት በላይ አንድ ማሽን ላይ ከተቀመጡ ሦስተኛው ተመልካች ነው። ጥንዱ በየ30 ደቂቃው ቦታ ይቀያየር።

ኢንተርኔት ላይ የሚንጠለጠል ነገር አይኑር። ጃቫ አብሮት ያለውን የዌካ ስሪት፣ የስሞትን ፓኬጅ እንደ ዚፕ ፋይል፣ ዳታዎቹንና መመሪያውን አንድ ፎልደር ውስጥ አድርገው አስቀድመው በየማሽኑ ይገልብጡ። ስሞት ከዌካ ጋር አብሮ አይመጣም፤ በፓኬጅ ማናጀሩ ነው የሚገባው፤ ማናጀሩ ደግሞ ከፋይል መጫንም ይቀበላል። ይህን ያላወቀ ላብ ላይ ሲደርስ ክፍለ ጊዜው ያልፍበታል።

መብራት ሲጠፋ የዌካ ኤክስፕሎረር ውጤት አብሮ ይጠፋል፤ ዲስክ ላይ ራሱ አይጽፍም። ሁለት ልማድ ያስይዟቸው፦ አንደኛ፣ የተጸዳውን ዳታ በየደረጃው ቁጥር በተሰጠው ስም ማስቀመጥ። ሁለተኛ፣ ብዙ ሙከራ ሲኖር ኤክስፔሪመንተሩን መጠቀም፤ እሱ ውጤቱን ፋይል ላይ ይጽፋል። የራንደም ሲዱ ቁጥርም (የዘፈቀደ አከፋፈሉ የሚነሣበት ቁጥር) ደብተር ላይ ይመዝገብ፤ አለበለዚያ በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ቁጥር ማግኘት አይችሉም።

ሳምንቶቹ ላይ የብዙ ኮርስ ስህተት ዳታ ማዘጋጀትን በሁለተኛው ሳምንት ጨርሶ 12 ሳምንት አልጎሪዝም ማስተማር ነው። እኔ እንዲህ አደርገዋለሁ፦ 1ኛው ሳምንት ጥያቄ መቅረጽ፤ ከ2 እስከ 6 ዳታ ብቻ፤ ከ7 እስከ 10 ክላሲፊኬሽንና ምዘና፤ 11 እና 12 ክላስተሪንግ (ተመሳሳዮችን በቡድን መመደብ)፤ 13 የአሶሴሽን ሕጎች (ምን ከምን ጋር አብሮ እንደሚገኝ)፤ ከ14 እስከ 16 ፕሮጀክትና የቃል ፈተና። ክሪስፕ-ዲኤም የሚባለው የዳታ ማይኒንግ አሠራር ስድስት ደረጃዎች ለዚህ አከፋፈል ጥሩ አጥንት ናቸው፤ ግን ስማቸውን ማስሸምደድ አያስፈልግም።

ዳታ አይቸግርም፤ ጅማ ነው ያሉት። ሦስት ልጠቁም።

ቡና ላይ የዝርያ ሙከራ ዳታ ሲሰጡ ዓምዱ ውስጥ 74110፣ 74112፣ 74165 የሚሉ ቁጥሮች አሉ። እነዚህ ከጅማ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡ የቡና ፍሬ በሽታን የሚቋቋሙ ዝርያዎች መለያ ናቸው። ዌካ ግን እንደ መጠን ይቆጥራቸዋል፤ 74165ን ከ74110 «ይበልጣል» ብሎ ይቆርጣል፣ አማካይም ያወጣል። ምንም ሳይነግሯቸው ይስጧቸው። ዛፉ «ዝርያ ከ74111 በላይ» የሚል ቅርንጫፍ ሲያወጣ ለምን ትርጉም እንደሌለው ራሳቸው ይድረሱበት። ከዚያ ኑመሪክ ቱ ኖሚናል የሚለውን ፊልተር ያሳዩአቸው።

ሁለተኛ የቡና ደረጃ። የንግድ ቡና ሲመዘን ከ100 ነጥብ 40ው ለጥሬው፣ 60ው ለቅምሻው ነው፤ ደረጃው የሚወጣው ከድምሩ ነው። ተማሪው ነጥቦቹን ሰጥቶ ደረጃውን «ሲተነብይ» 99 በመቶ ያገኛል። ያ መደመር ነው። ይልቅ ከፍታን፣ የዝግጅቱን ዓይነትና የማድረቂያ ቀናትን ብቻ ሰጥተው የቅምሻ ነጥቡን ይጠይቋቸው። ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ ጥያቄው ግን ለገበሬውም ለነጋዴውም ይጠቅማል። ክላስተሪንግም እዚሁ ላይ ይሠራል። ከፍታ 1,500 እና 1,900 ሜትር፣ የአፈር ፒኤች 4.8 እና 6.2 ያላቸውን ሁለት ማሳዎች በርቀት እየለካ በሚመድበው ኬ-ሚንስ ሲያነጻጽሩ፣ የከፍታው ልዩነት በራሱ ሲባዛ 160,000፣ የፒኤቹ 1.96 ነው። አፈሩ የለም ማለት ይቻላል። ዓምዶቹ ወደ አንድ ልክ ካልመጡ (ኖርማላይዝ ወይም ስታንዳርዳይዝ ካልተደረጉ) ክላስተሩ የከፍታ ካርታ ብቻ ነው።

ሦስተኛ የሱቅ ደረሰኝ ለአሶሴሽን ሕግ። ትንሽ ምሳሌ ሰሌዳ ላይ ይሥሩ፦ ከ1,000 ደረሰኝ ስኳር 700 ላይ፣ ቡና 300 ላይ፣ ሁለቱም 216 ላይ አሉ። ቡና የገዛ ስኳር ይገዛል የሚለው ሕግ ኮንፊደንስ (216 ለ300) 72 በመቶ ነው፤ ተማሪው ይደሰታል። ግን ስኳር ከጠቅላላው ደረሰኝም 70 በመቶው ላይ አለ። ሊፍቱ 0.72 ለ0.70፣ 1.03 ነው፤ ምንም አዲስ ነገር አልተገኘም።

ውጤት ሲሰጡ ከ100 ውስጥ 40 ለዳታ ዝግጅትና ለሰነዱ፣ 25 ለምዘናው፣ 15 ለሞዴሉ፣ 20 ለቃል ፈተና ይሁን። የቃል ፈተናው ለአንድ ተማሪ 5 ደቂቃ፣ በጠቅላላ 290 ደቂቃ ነው፤ ሁለት ላብ ይበቃል። ጥያቄው አንድ ነው፦ 200ኛውን ረድፍ ክፈት፤ ይህ ሰው ወይም ይህ ማሳ ማነው፣ እያንዳንዱ ቁጥር መቼና በማን ተጻፈ? ከጓደኛ የተገለበጠ ሥራ እዚህ ላይ ወዲያው ይታያል።

መንደራ_ቆጪ፦

በሁለት ነገር እለያለሁ።

ስሞትን በትክክለኛው ቦታ አስገቡ ተባለ፤ እኔ ጭራሹን ይቅር ባይ ነኝ። 612 ፖዘቲቭ ለዛፍ ትንሽ አይደለም። ችግሩ የብዛት ሳይሆን የዋጋ ነው፦ አንድ ሕመምተኛ ማሳለፍና አንድ ጤነኛ በከንቱ መመርመር እኩል አይጎዱም። ዌካ ላይ ኮስት ሴንሲቲቭ ክላሲፋየር ሰንጠረዥ ይቀበላል፤ ማሳለፍን 10፣ በከንቱ መጠቆምን 1 ብለው ይጀምሩ። 10 የሚለውን ግን ተማሪው ከራሱ አያምጣው፤ ከጤና ባለሙያዎቹ ጋር ተቀምጦ ይወስን። ለፈታኝም «ስሞት ተጠቀምኩ» ከማለት ይልቅ «አንድ ሕመምተኛ ማሳለፍ ከአሥር ተጨማሪ ምርመራ ይከብዳል ብለን ተስማማን» ማለት ይቀላል።

ሁለተኛው ጥያቄው ራሱ ነው። ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ መልስ ይሰጣል። ጤና ጣቢያው ውስጥ መመርመሪያው ካለ፣ ሪኮሉ 60 በመቶ የሆነ ዛፍ ማን ይፈልገዋል? ያው መዝገብ ግን ሌላ ጥያቄ ሊመልስ ይችላል፦ ከሦስት ሳምንት በኋላ ከየቀበሌው ስንት ሰው ይመጣል? መመርመሪያና መድኃኒት የሚታዘዘው በዚህ ነው። ወባ በየሳምንቱ ሪፖርት የሚደረግ በሽታ ስለሆነ ረድፉ «አንድ ቀበሌ በአንድ ሳምንት» ይሁን። ዝናብ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ወደኋላ ተወስዶ ይግባ፤ የወባው ከፍታ ከክረምቱ ቀጥሎ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነውና። ማነጻጸሪያው ያለፈው ዓመት የዚያው ሳምንት ቁጥር ይሁን፤ ሞዴሉ እሱን ካላሸነፈ አይጠቅምም። ፎልድ በዘፈቀደ አይከፈል፤ በቀደሙት ዓመታት ይሠልጥን፣ በኋለኛው ይፈተን።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር አለ። ይህ የሕሙማን መዝገብ ነው፤ የክፍል መለማመጃ ሆኖ 58 ፍላሽ ላይ እንዳይገለበጥ። ስም ስለወጣ አልታወቀም ማለት አይደለም፤ ቀበሌ፣ ዕድሜ፣ ፆታና ቀን ተደምረው ትንሽ ቀበሌ ውስጥ አንድ ሰው ላይ ይጠቁማሉ። እነዚህን አራቱን አጣምረው ይቁጠሩ፤ ከ5 ሰው ያነሰ ያለበትን ጥምር ዕድሜውን በክፍል፣ ቀኑን በወር አስፍተው ያዋህዱት። የካርድ ቁጥሩ በሌላ መለያ ይተካ፤ ማመሳከሪያው ከተማሪው እጅ ውጭ ይቀመጥ። የሥነ ምግባር ቦርድ ፈቃድ ዳታው ከመለቀሙ በፊት የሚወጣ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ፤ የጤና መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚያስፈልገው ወገን መድቦታል። ለመጀመሪያ ዲግሪዎቹ የቡናውና የደረሰኙ ይበቃል።

ጅሬን_ዳገት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዘጠነኛው_ፎልድ እንዳሉት ባዶዎቹን ቆጠርን። «ነጌቲቭ» ከተባሉት 9,228 ውስጥ 7,104ቱ የምርመራ ዓይነታቸው ባዶ ነው፤ አልተመረመሩም። በእርግጥ የተመረመሩት 2,736 ሆኑ፤ 612 ፖዘቲቭ፣ 2,124 ነጌቲቭ። ዋን አርም የመረጠው መድኃኒቱን ነው። ተማሪው 7,104ቱን አውጥቶ በቀረው ይቀጥል?

ዘጠነኛው_ፎልድ፦

አዎ፣ ያውጣቸው፤ ግን በዝምታ አይደለም። አሁን ፖዘቲቩ 22.4 በመቶ ሆኗል፤ የዜሮ አር መነሻ 77.6 ነው፤ አለመመጣጠኑ ራሱ በከፊል ተፈታ። የመንደራ_ቆጪ ሐሳብ እዚህ ላይ ይበልጥ ይሠራል፤ ስሞት አያስፈልግም።

የሚቀረው ጥንቃቄ ይህ ነው፦ 2,736ቱ ሐኪሙ ጠርጥሮ ወደ ላብራቶሪ የላካቸው ናቸው። ሞዴሉ የሚናገረው ስለ እነሱ ብቻ ነው፤ በር ላይ ስለሚቆም ታካሚ ሁሉ አይደለም። ስለዚህ ርዕሱ ውስጥ «የወባ ሕመምተኛን አስቀድሞ መለየት» የሚለው ወጥቶ «ለወባ ምርመራ ከተላኩ ታካሚዎች መካከል» የሚል ይግባ። 7,104 ረድፍ ለምን እንደወጣም ዳታ ዝግጅት ምዕራፍ ውስጥ ከነቁጥሩ ይጻፍ።

ሄርማታ_መርካቶ፦

ከመቀጠሉ በፊት አንድ ነገር ይጨምር። ከ7,104ቱ በዘፈቀደ 50 ረድፍ መርጦ ከወረቀት መዝገቡ ጋር ያመሳክር። ባዶው እውነት ያልተመረመረ ነው፣ ወይስ ለቃሚው የዘለለው? ከ50ው ሁለት ሦስቱ እንኳ መዝገቡ ላይ ውጤት ካላቸው፣ ላብራቶሪው የራሱ መዝገብ ስላለው ከእሱ ጋር በቀንና በካርድ ቁጥር ማገናኘት ይሻላል። ሥራው ሁለት ቀን ነው።

ጅሬን_ዳገት፦

ተስማምቻለሁ፤ ሰኞ መዝገቡ ያለበት ቦታ ሄዶ 50ውን ያመሳክራል። የሳምንቱን ትንበያ ሐሳብም ከጤና ጣቢያው ባለሙያዎች ጋር እናነሣዋለን። ለክፍሉ የ74110ውን ዳታ በ2ኛው ሳምንት እሰጣለሁ፤ የቃል ፈተናውንም እንደተባለው በ15 እና በ16ኛው ሳምንት አስገብቼዋለሁ።